ለውሻዬ የሰው ማስታገሻ ሰጠሁት፣ ዛሬ ያስመልሰዋል። ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቡቺ የሚባል የግቢ ውሻ አለኝ። ከትናንት ወዲያ ባጃጅ ገጨውና የኋላ እግሩን ያነክሳል። በዚህ ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ለወገቤ የታዘዘልኝን ባለ 400 አይቡፕሮፌን ሁለት ፍሬ በሥጋ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት ሁለቴ አስመለሰው፣ ምግብም አይነካም። ሕመሙ ስላልተወው ይሆን? ፓራሲታሞል ልጨምርለት? ለሕፃን እንኳን የሚሰጥ ስለሆነ አይጎዳውም ብዬ ነው።

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦
እህቴ፣ ምንም እንዳትጨምሪ! እኔ ድመቴን ያጣሁት በዚሁ ፓራሲታሞል ነው። አተኩሷት ነበር፣ ግማሽ ፍሬ ፈጭቼ በወተት ሰጠኋት። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ፊቷና እግሮቿ አበጡ። አፏን ከፍቼ ሳይ ድዷ የቡና አተላ መስሏል። ትንፋሽ አጥሯት በማግስቱ ሞተች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መልስ (ዓለም ከተማ)፦
እኛ ሰፈር ውሻ መርዝ ሲበላ ወተት ነው የምንግተው። ካልሆነ ጨው በውሃ በጥብጠሽ አጠጪውና ያስመልሰው።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ደብረ ሲና)፦
ወተቱም ጨውም ይቅር። ወተት መድኃኒቱን አያረክሰውም። ጨው ብዙ ከሆነ ራሱ ይገድላል። ማስመለስ የሚጠቅመው ገና በተዋጠ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ፣ በባለሙያ እጅ ሲሆን ነው። ይኸኛው አድሯል።

እህቴ፣ የውሻ ሰውነት አይቡፕሮፌንን እንደኛ ቶሎ አያስወጣም። መድኃኒቱ ጨጓራን ከአሲድ የሚጠብቀውን ሽፋን ያሳሳል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ይቀንሳል። ስለዚህ ጨጓራው ይቆስላል፣ መጠኑ ከበዛ ኩላሊቱ ይደክማል። ፓራሲታሞል ደግሞ ውሻን በጉበቱ በኩል ይጎዳል። ድመትማ መድኃኒቱን የሚያረክስላት ኢንዛይም በጣም አነስተኛ ስለሆነ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ክብደቱ ስንት ነው? ሚዛን ላይ አቅፈሽው ውጪና የራስሽን ቀንሺ። ዓይነ ምድሩ ምን ይመስላል? ከንፈሩን ገልጠሽ ድዱን በጣትሽ ጫን አድርጊና ልቀቂ፤ ሮዝ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል?

ጠያቂዋ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ጎረቤታችን ወፍጮ ቤት ወስጄ መዘንኩት፣ 12 ኪሎ ነው። ድዱ ነጣ ብሏል፣ ቀለሙም ቶሎ አይመለስም። ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው። ባጃጅ ስለገጨው መስሎኝ ነበር።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)፦
በጨጓራው ወይም በአንጀቱ ውስጥ እየደማ ነው። 800 ሚሊ ግራም ለ12 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 67 ገደማ ይመጣል፤ ጨጓራ ለማቁሰል ይበቃል። አሁኑኑ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ያዢ፣ የሰጠሽበትን ሰዓትም ንገሪያቸው። ግሉኮስ ይሰቀልለታል፣ ጨጓራውን የሚጠብቅ መድኃኒትም ይሰጠዋል። ግጭቱንም አትርሺ፣ ሆዱ ውስጥ ጉዳት እንዳለ ይዩት።

አንድ ነገር አደራ። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ ሊወጉት ካሰቡ አይቡፕሮፌን መውሰዱን ቀድመሽ ተናገሪ። ሁለቱ ከተደረቡ ቁስሉ ይብሳል። ለእንስሳት የሚሆን ማስታገሻ አለ፣ ለምሳሌ ሜሎክሲካም፤ ግን ዛሬ አይደለም። ከፋርማሲም ገዝተሽ እንዳትሰጪው። ለሰው የሚሸጠው ባለ 15 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ለቡቺ ከቀን ልኩ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ጥያቄ (መንዝ)፦
ዶክተር ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። በሬ ሲያነክስብን ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ የሚያስወጉ አሉ። እሱስ እንዴት ነው?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)፦
ጥሩ ጠየቅህ። በሬው ሊሻለው ይችላል። ከተወጋ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞቶ ሜዳ ላይ ከተጣለ ግን የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ቆሞ በቀናት ውስጥ ይሞታል። በሕንድ ጥንብ አንሳ ሊጠፋ የደረሰው በዚህ ነው፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለእንስሳት መስጠቱን አገዱ። ሜሎክሲካም ጥንብ አንሳን አይጎዳም። ጥንብ አንሳ የሚያንዣብብበትን የጓሳን ገደል የምታውቁ የመንዝ ሰዎች ይህን ለሐኪማችሁ ንገሩት።

ጠያቂዋ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦
ቡቺ ተርፏል። ሁለት ቀን ግሉኮስ ተሰቀለለት። ዴክሳሜታዞኑ በሲሪንጅ ተቀድቶ ነበር፣ ማሸጊያውን ሳሳያቸው መለሱት። እግሩ አልተሰበረም፣ መገጣጠሚያው ነው ያበጠው። ዛሬ ጠዋት የሩዝ ቅቅል በላ፣ ድዱም ቀልቷል። አይቡፕሮፌኑን ልጆቹ እንዳይሰጡት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። የሸዋ ሮቢቷ እህቴ፣ ፓራሲታሞሉን እጄ ላይ ይዤ ነበር መልስሽን ያነበብኩት።