የጦር ካምፕ ሲዘጋ ወጪው በማን ላይ ይወድቃል?

ጥያቄ (ከደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የከተማ ፕላን ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተጣብቃ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ ሜዳ መሬት በተፈለገ ቁጥር «የጦር ካምፕ ከከተማ ቢወጣ መሬቱ ለቤትና ለፋብሪካ ይውላል፣ መንግሥትም ወጪ ይቀንሳል» የሚል ሐሳብ በመሥሪያ ቤታችን ይነሣል። መዝጋቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ግን የሚያነሣ የለም። የሌላ አገር ልምድ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
እህቴ፣ ጦሩ ከአንድ ቦታ ሲነሣ ሌላ ቦታ ማደሪያ፣ መጋዘንና ጋራዥ ይሠራለታል፤ ትልቁ ወጪም ይኸው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የወሰነችው ካምፖችን የመዝጋትና የማዛወር ሥራ 21 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ ወደ 35 ቢሊዮን ደረሰ፤ ከጭማሪው አብዛኛው ለግንባታ የዋለ ነው። በ20 ዓመት ይገኛል የተባለው የተጣራ ቁጠባ ደግሞ ከ36 ቢሊዮን ገደማ ወደ 10 ቢሊዮን ገደማ ወረደ።

መልስ (ጡረተኛ መካኒክ፣ ደሴ)
ልጆቼ፣ እኔ የምፈራው ከመሬት በታች ያለውን ነው። ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ካምፕ የተቃጠለ ዘይት ከጋራዡ ግንብ ሥር ይደፋ ነበር፤ ክረምት ሲገባ በጭቃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ይንሳፈፋል፣ ሽታው እስከ ኩሽና ይደርሳል። ያረጀ የነዳጅ ታንከር፣ በተኩስ ሜዳ አፈር ውስጥ የቀረ የጥይት እርሳስ፣ ከሁሉም በላይ ያልፈነዳ ተተኳሽ አለ። የ2014ቱን ጦርነት ያየ የዚህ አገር ሰው ይህን ሌላ ሰው እንዲነግረው አያስፈልገውም። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ፎርት ኦርድ እ.ኤ.አ. በ1994 ተዘግቶ በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተበት፤ በቀረው ሰፊ መሬት ተተኳሽ የማጽዳቱ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ አሥርተ ዓመታት ወስዷል። ደሴ ላይ የተደፋ ነገር በቦርከና ወንዝ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድም አትርሱ።

ጠያቂዋ
አባቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እኛ ዘንድ መሬት በሊዝ ይተላለፋል እንጂ አይሸጥም፤ ስለዚህ የማጽዳቱ ዕዳ የአስረካቢው ይሁን የከተማው ወይስ የሊዝ ተጫራቹ፣ በርክክቡ ሰነድ ካልተጻፈ ሁሉም ሊሸሸው ይችላል። ለአለቆቼ የማቀርበው ሐሳብ አፈሩና የጉድጓድ ውኃው ከጨረታ በፊት እንዲመረመሩ፣ የምርመራው ውጤትም ከካርታው ጋር እንዲያያዝ ነው።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
በካምፑ በር ላይ እንጀራና ሻይ ሸጠው የሚያድሩትን እናቶችም በጥናትሽ አስገቢያቸው፤ ጦሩ የወጣ ዕለት ገበያቸው አብሮ ይሄዳል።