መብራት ሲጠፋ ዝማሬው ለምን አብሮ ጠፋ?

ጥያቄ፦ የአጥቢያ ሽማግሌ፣ ከቱሉ ዲምቱ

የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ ባለች አንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ አገለግላለሁ። አዳራሻችን ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ሲሆን እሑድ እሑድ 300 ያህል ሰው ይሰበሰብበታል።

ባለፈው እሑድ የአምልኮው ሰዓት ሲጋመስ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ፤ የአምልኮ መሪዋ ዝማሬዋን ባታቋርጥም ድምፅዋ ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር አላለፈም። በእኛ ሰፈር መብራት መጥፋቱ ማንንም አያስደንቅም። እኔን ያስደነገጠኝ ሕዝቡ እጁን እንዳነሣ መዝሙሩን በእኩሌታው ትቶ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ በጸጥታ መጠበቁ ነው። መዝሙሩ አዲስ ቢሆን ኖሮ በገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በላይ የዘመርነው ነው። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ቡድኑ ካቆመበት ሲቀጥል ሕዝቡም እጁን ማወዛወዝ ቀጠለ። ታዲያ ከዚያ በፊትስ በእርግጥ እየዘመርን ነበር ወይስ ሌሎች ሲዘምሩ ቆመን እየሰማን ነበር የሚለው ጥያቄ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሐዋርያው በኤፌሶን 5፥19 «በመዝሙርና በዝማሬ በመንፈሳዊም ቅኔ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ» ይላል። «እርስ በርሳችሁ» የሚለውን ቃል መድረኩ ለብቻው ሊፈጽመው የሚችል አይመስለኝም። የቡድኑ ወጣቶች ትጉሃን ስለሆኑ ጥፋቱን በእነርሱ ላይ መጣል አልፈልግም። የጉባኤ ዝማሬ ትርጉሙ ምንድን ነው? ከሕዝብ አፍ ከወጣስ እንዴት ይመለሳል?

መልስ 1፦ ጡረተኛ መዘምር፣ ከሰበታ

ልጄ፣ ጌታ ይባርክህ። በደርግ ዘመን ብዙዎቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉ ጊዜ እኛ በየቤቱ አምስትም ስድስትም እየሆንን እንገናኝ ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን የምንዘምረው በሹክሹክታ ነበር። ጭብጨባ የለም፤ ከበሮ የለም፤ ቢያዝ ማስረጃ ይሆንብናል ብለን የመዝሙር ደብተር እንኳ አንይዝም። ስለዚህ የምንዘምረው ሁሉ በቃል ነበር። በቃል የሚያዝ መዝሙር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ስንኙ አጭር ነው፣ አዝማቹ ይደጋገማል፣ ዜማውም ሰው በልጅነቱ ከእናቱ ጓዳ ከሰማው ከትዝታ ወይም ከባቲ ቅኝት ብዙ አይርቅም። አንዱ ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። አውጪው የታሰረ እንደሆነ ከተቀባዮቹ አንዱ ያወጣ ነበር፤ መዝሙሩን ሁሉም ያውቀው ነበርና።

ያን ዘመን ግን አላስውበውም። ፍርሃት ነበረብን፤ ድምፃችንም በሹክሹክታ ብዛት ተቆራርጦ ለጆሮ አይመችም ነበር። በ1983 ዓ.ም. በሩ ተከፍቶ ወደ አዳራሽ ስንወጣ ሞንታርቦ ለመግዛት ገንዘብ ያሰባሰበው ኮሚቴ ውስጥ እኔም ነበርሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ወጣቶቹን የምወቅስበት አፍ የለኝም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። በእናንተ አካባቢ የሚኖረው ሰው አብዛኛው ከመሃል ከተማና ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ነው፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በወላይትኛ እየዘመረ አድጓል። ሁሉም የየራሱን መዝሙር ይዞ መጥቷል እንጂ አብሮ ያደገበት የጋራ መዝሙር የለውም። በዚህ ላይ በየሳምንቱ ከዩቲዩብ የተሰማ አዲስ መዝሙር ሲጨመርበት ሕዝቡ ከማወቅ ይልቅ ማሳደድ ይሆንበታል። ባለፈው ዓመት ስንት መዝሙር እንደዘመራችሁ፣ ስንቱንስ ከአራት ጊዜ በላይ እንደዘመራችሁት ቁጠሩት።

መልስ 2፦ የድምፅ ባለሙያ፣ ከለገጣፎ

ወንድሜ ሽማግሌው፣ ነገሩን ሁሉ መንፈሳዊ ከማድረጋችን በፊት ሁለት ቁሳዊ ምክንያቶችን እንመልከት፤ እኔ በየአጥቢያው ሚክሰር ፊት ስቀመጥ የማየው ከእነዚህ ሁለቱ የራቀ አይደለም።

የመጀመሪያው የድምፁ ኃይል ነው። ሰው አብሮ የሚዘምረው የራሱንም የጎረቤቱንም ድምፅ ሲሰማ ነው፤ ሁለቱም ከተሸፈኑበት አፉን እያንቀሳቀሰ ድምፁን ይተዋል፣ ቆይቶም አፉን ይዘጋል። በሥራ ቦታ በሰፊው የሚሠራበት የጥንቃቄ መመዘኛ 85 ዴሲቤል ድምፅን ለ8 ሰዓት ይፈቅድና በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ቆርቆሮ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ስለሚወረውር በእንዲህ ያለ አዳራሽ እዚያ መድረስ ቀላል ነው። በክረምት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ከዝናቡ ለመብለጥ ማጉያውን ከፍ እናደርጋለን፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን ዝቅ ማድረጉን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። እኔም ብዙ ጊዜ ረስቻለሁ።

ሁለተኛው የዜማው ቁመት ነው። መዝሙሩ የተቀረጸው ብርቱ ድምፅ ባለው ዘማሪ ነው፤ ቡድኑም ካሴቱ ላይ እንዳለ (ዛሬ ካሴት ባይኖርም እንዲህ ማለቱ አልተወንም) ይጫወተዋል። ያልሠለጠነ ሰው ሳይጨነቅ የሚዘምርበት ስፋት ከአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ) ብዙም ስለማይበልጥ፣ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ወንዶቹ ይሰበራሉ ወይም ይተዉታል። በኪቦርዱ ትራንስፖዝ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ዝቅ ማድረግ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ የሚከብደው መሪዋን ማሳመኑ ነው፣ በዝቅተኛው ቁመት ድምፅዋ አያበራላትምና። ዜማውን በየመስመሩ ማስጌጥም እንዲሁ ነው። ለብቻ ለሚዘምር ሰው ውበት ነው፤ ሊከተል ለሚሞክር ጉባኤ ግን መንገዱ በየቀኑ እንደሚቀየርበት መንገደኛ መሆን ነው።

መልስ 3፦ ዲያቆን፣ ከሱሉልታ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አገልጋይ ብሆንም ጥያቄው እኛንም ስለሚመለከት ለመሳተፍ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።

በመጽሐፈ ቅዳሴያችን እያንዳንዱ ቃል የማን ድርሻ እንደሆነ ተለይቶ ተጽፏል፤ የካህኑ «ይካ»፣ የዲያቆኑ «ይዲ»፣ የሕዝቡ ደግሞ «ይሕ» ተብሎ ይታወቃል። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» ብሎ መመለስ የሕዝቡ ነው። ካህኑም ሆነ ዲያቆኑ ያንን ቃል ቢወስዱት የሌላውን ድርሻ ወሰዱ ማለት ነው። ስለዚህ ለጥያቄዎ የእኔ መልስ፣ የጉባኤ ዝማሬ ሰው ደስ ሲለው የሚጨምረው ነገር ሳይሆን በአምልኮው ውስጥ ሕዝብ የተሰጠው የሥራ ድርሻ ነው የሚል ነው።

በማኅሌትም ሥርዓቱ የመቀባበል ነው። መዘምራኑ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በቀኝና በግራ ይሰለፋሉ፣ ከበሮው በመካከል ይሆናል፤ አንዱ ወገን ያለውን ሌላው ይቀበላል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደነበረ የሚታመነው ቅዱስ ያሬድ በሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሠራው ዜማ እስከ እኛ የደረሰው አንዱ ከሌላው አፍ እየተቀበለ በቃል ስላጠናው ነው፤ የዜማው ምልክት የተጻፈው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ እኛ ዘንድ ችግሩ የለም ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። የያሬድ የዜማ መጽሐፍ የሆነው ድጓ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት በመሆኑ ማኅሌቱ የሊቃውንቱ ሆኖ ቀርቷል፤ ብዙው ምእመንም ግዕዙን ስለማያውቀው የቅዳሴውን ተሰጥዖ (የሕዝቡን ምላሽ) ለዲያቆናቱና ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይተወዋል። ግዕዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን ያተመ መጽሐፍ በእጁ የያዘ ሰው ግን ሲመልስ አያለሁ። እናንተ ዘንድ ቋንቋው ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ሳለ «ይሕ» የሚል ምልክት ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ እርግጠኛ አይደለሁም።

መልስ 4፦ አንዲት እህት፣ ከገላን

እኔ ዝም ብለው ከሚቆሙት አንዷ ነኝ፤ እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ስለ እኔ ቢሆንም ስለ እኔ ያላችሁት ግን ጥቂት ነው። በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ በቀጥታ ወደ አምልኮ የምመጣበት እሑድ አለ። አባቴን በቀበርሁበት ዓመት ደግሞ ለወራት አንድ ስንኝ እንኳ ከአፌ አልወጣም። ያን ጊዜ ከመድረክ «ጮክ በሉ፣ አልሰማችሁም፣ ለጎረቤታችሁ እንዲህ በሉት» የሚል ድምፅ በመጣ ቁጥር ወደ ደጅ መውጣት ያምረኝ ነበር። የሌሎችን ዝማሬ ሰምቶ በልብ «አሜን» ማለት ለእኔ አምልኮ ነበር። እባካችሁ ዝማሬን ለመመለስ ስትነሡ ዝም ያለውን ሁሉ በእምነቱ እንደ ደከመ አትቁጠሩት፤ ዘምሩ ብሎ መቆጣት ደግሞ ማንንም አስዘምሮ አያውቅም።

መልስ 5፦ የነገረ መለኮት ተማሪ፣ ከቡራዩ

የእህታችን ቃል ቅዱስ አውግስጢኖስን አስታወሰኝ። «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ 10ኛ ክፍል ላይ፣ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዝማሬው ራሱ ልቡን ሲነካው እንደሚበድል ይሰማውና ዘማሪውን ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር ይላል። ይኸው ሰው በ9ኛው ክፍል በሚላኖ እ.ኤ.አ. በ386 የሆነውን ሲተርክ ግን፣ ከንጉሡ እናት ከዩስቲና በመጣው ስደት ምክንያት ሕዝቡ ከጳጳሱ ከአምብሮስዮስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሲያድር በኀዘን እንዳይዝል በምሥራቃውያን ልማድ መዝሙር መዘመር እንደተጀመረ ይናገራል። ስለዚህ እህቴ፣ የዛለ ሰው አብሮ ባይዘምርም ዝማሬው መጀመሪያውኑ ለእርሱ የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሚሸከመው ዝማሬ እንዲኖር የሚዘምር ሕዝብ ያስፈልጋል።

ሕዝቡ ዝም ማለቱ የማጉያ ዘመን ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሮማዊው ገዥ ፕሊኒዮስ እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖች ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ እንደሚዘምሩ ሲገልጽ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሎዶቅያ ጉባኤ 15ኛ ቀኖና ደግሞ ከተሾሙት መዘምራን በቀር ማንም በቤተ ክርስቲያን እንዳይዘምር ይደነግጋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዙሪክ የተሐድሶ መሪ የነበረው ዝቪንግሊ፣ ራሱ ብዙ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዝማሬን ከአምልኮ አስወጥቶ እስከ እ.ኤ.አ. 1598 ድረስ ሳይመለስ ቆይቷል።

ለእናንተ አጥቢያ የሚጠቅመው ግን የጄኔቫው ይመስለኛል። የዚያች ከተማ የተሐድሶ መሪ ካልቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1537 ለከተማው ምክር ቤት ያቀረቡት ሐሳብ፣ አስቀድመው የተለማመዱ ልጆች በጠራ ድምፅ እንዲዘምሩ፣ ሕዝቡም በጥሞና እየሰማ ቀስ በቀስ እንዲከተላቸው ነበር። የልጅ ድምፅ ማንንም አያስፈራራም፤ ዜማውንም ሳያስጌጥ እንዳለ ያወጣዋል።

ጠያቂው በድጋሚ፦ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ እንዳሉት ቆጠርን፤ በአንድ ዓመት 143 መዝሙር ዘምረናል፣ ከአራት ጊዜ በላይ የዘመርናቸው ግን 11 ብቻ ናቸው። የቡድኑ ልጆች ራሳቸው ቁጥሩን ሲያዩ ደነገጡ። ለሦስት ወር አዲስ መዝሙር ላለመጨመር ተስማምተናል፤ አንዱ ጊታር ተጫዋች ግን እስካሁን አኩርፏል።

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከ11ዱ አንዱን ለአራት ሳምንት አጠኑ፣ ባለፈው እሑድም ማጉያው ጠፍቶ የመጨረሻውን መዝሙር አወጡ። እውነቱን ለመናገር መልካም አልነበረም። ልጆቹ ከፍ አድርገው ስለጀመሩት ወንዶቹ አዝማቹ ላይ ተሰበሩ፤ የኋለኛው ወንበር ከፊተኛው አንድ ቃል ያህል እየዘገየ ሁለት መዝሙር የምንዘምር አስመሰለን። ማንንም «ጮክ በሉ» አላልንም፤ እህታችን ከገላን ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ግን ከጎኔ የቆሙ አንድ አዛውንት ሲዘምሩ ሰማሁ፤ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ አራት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል።

ለለገጣፎው ወንድማችን፦ ያለ ኪቦርድ የመነሻውን ቁመት ለልጆቹ የሚሰጥ ምን እንጠቀም? ጋሼ፣ በዚያ ዘመን በሹክሹክታ ከዘመራችኋቸው አንዱን በስልክዎ ቀድተው ቢልኩልን የሚቀጥለውን ወር በእርሱ እንጀምራለን።