ለጣና ወፎች የመጀመሪያ ባይኖኩላር፦ የትኛውን ልግዛ?

ደንገል (ጠያቂ)፦ ሰላም ወገኖቼ። ባሕር ዳር በጀልባ እንግዳ የማመላልስ ነኝ። እስካሁን ሥራዬ ዘጌና ክብራን ገብርኤል አድርሶ መመለስ ነበር፤ አሁን ግን ወፍ ለማየት ብሎ የሚመጣው በዝቷል። «ያ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ዳክዬ» ከማለት አላልፍም። ሁሉም ዳክዬ! አንድ ሱቅ 10×50 የሚል ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማያ) አሳየኝ፤ ሌላው ደግሞ እስከ 20 እጥፍ የሚያጎላ፣ መስታወቱ ቀይ የሚያብረቀርቅ አለው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የትኛው ይሻለኛል?

ቀዛፊው፦ ቀዩን ተወው፤ ለዓይን ያምራል እንጂ ብርሃን ይቀንሳል፣ ቀለምም ያዛባል። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያጎላበት እጥፍ ነው፤ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። እጥፉ በጨመረ መጠን የእጅህ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። አንተ ደግሞ ሥራህ ጀልባ ላይ ነው፤ በ20 እጥፍ ወፉን ፈልገህ ሳታገኘው ይበራል። 8×42 ፈልግ። 42ን ለ8 ብታካፍል 5.25 ይመጣል፤ ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋቱ 5.25 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ኪስ የሚገባው 8×25 ግን 3 ያህል ብቻ ስለሚሰጥ ገና ሳይነጋ ያጨልምብሃል።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ በጠመንጃ ዳክዬ ያሳደድኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን መትቼ ይዤ ብገባ እናቴ «ድስቴን ልታረክስብኝ ነው?» ብላ ከደጅ መለሰችኝ። ከዚያ ወዲህ ማየት ብቻ ሆነ። ከአደን የተረፈኝ ግን ይጠቅምሃል፦ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ፣ ሞተሩን ቀደም ብለህ አጥፋና በመቅዘፊያ ተጠጋ። ታንኳ አጠገባቸው ሲያልፍ ንቅንቅ የማይሉት ወፎች ሞተር ሲሰሙ ይነሣሉ።

ፎገራ፦ ከመክፈልህ በፊት ባይኖኩላሩን ከዓይንህ 30 ሴንቲሜትር ያህል አርቀህ ወደ ብሩህ ሰማይ አዙረው፤ ወደ ፀሐይ እንዳይሆን ብቻ። በዓይን ማያው ላይ የምታያት ነጭ ክብ ጠርዟ የተቆረጠ ከመሰለ ሌላ ፈልግ። ውኃ የማያስገባ፣ ውስጡ ናይትሮጂን የተሞላ ይሁን። እኔ ርካሹን ገዝቼ አንድ ቀን ዝናብ ቢያገኘን ውስጡ ላብ ሠራ፤ አሁን የልጄ መጫወቻ ነው። ከገዛህ በኋላ ወደ ሸሸርና ወለላ ረግረግ ና፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች እዚያ ይቆያሉ።

ደንገል፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 8×42 ሌላ ሱቅ አገኘሁ፤ ክቧም ሙሉ ናት። ዛሬ ማለዳ ስሞክረው ግን ስንት ዓመት ዳክዬ ስለው የኖርኩት ወፍ ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ልጥፍ አለው፤ እግሩም ሮዝ ነው። ምንድን ነው?

ፎገራ፦ የግብጽ ዝይ ነው። ስሙ ዝይ ይባል እንጂ የቅርብ ዘመዶቹ ዳክዬዎች ናቸው፤ እንግዶችህን ብዙም አልዋሸሃቸውም።