ግዢን ወደ ላይ እያጠጋጉ መቆጠብ በእርግጥ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ከ«ጀማሪ ቆጣቢ»

ጤና ይስጥልኝ። ባንኬ በካርድ የምከፍለውን እያንዳንዱን ሒሳብ ወደ ቀጣዩ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ልዩነቱን በራሱ ጊዜ ወደ ቁጠባ ሒሳቤ የሚያዞር አገልግሎት እንድጀምር ጋብዞኛል። 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ስከፍል ከሒሳቤ 4 ዶላር ይወጣል፤ 60 ሳንቲሙ በቁጠባ ይቀመጥልኛል ማለት ነው። ገቢዬ ከወር ወር ስለሚለያይ ቋሚ መጠን ለይቶ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ሆኖብኛል፤ በዚህ ምክንያት ሳላስበው የሚጠራቀም ገንዘብ የሚኖረኝ መሆኑ በጣም ስቦኛል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሽርፍራፊ በዓመት ውስጥ ለቁም ነገር የሚበቃ ገንዘብ ይወጣዋል? የባንኩን ነፃ አገልግሎት ትቼ፣ ወርኃዊ ክፍያ እየተቀበለ ገንዘቡን አክሲዮን ላይ የሚያውል መተግበሪያ ብመርጥስ? ያልተከፈለ የክሬዲት ካርድ ዕዳም አለብኝ። ጉዳዩን የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«ስሌት ወዳድ»

በቅድሚያ ሒሳቡን እንመልከተው። የዋጋዎች የሳንቲም ክፍል ከ00 እስከ 99 እኩል ተሰራጭቶ ቢሆን ኖሮ ከአንድ ግዢ በአማካይ 50 ሳንቲም ገደማ ይተርፍ ነበር። በዚህ ስሌት በወር 60 ጊዜ በካርድ የሚከፍል ሰው ወደ 30 ዶላር፣ በዓመት ደግሞ ወደ 360 ዶላር ያጠራቅማል። ይሁን እንጂ ዋጋ በዕጣ የሚወጣ ነገር አይደለም። ነጋዴዎች ዋጋን በ99 ሳንቲም መጨረስ ስለሚወዱ፣ ለብቻው የተገዛ የ9 ዶላር ከ99 ዕቃ የሚያስተርፈው 1 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ሒሳቡ ድፍን 10 ዶላር ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ምንም አይቀመጥም። በአንጻሩ ብዙ ዕቃ በአንድ ደረሰኝ ሲደመር ወይም ታክስ ሲጨመርበት መጨረሻው ስለሚበታተን ውጤቱ ወደ አማካዩ ይጠጋል። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ የሚጠቀሰውን መጠን ከማመን ይልቅ፣ ያለፈውን ወር የካርድ ዝርዝር አውጥተው እያንዳንዱን ክፍያ ቢያጠጋጉና ልዩነቱን ቢደምሩ ለእርስዎ የሚሆነውን ቁጥር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያገኙታል።

ውጤቱ ካነሰብዎ ማጠጋጊያውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ወደ ቀጣዩ 5 ዶላር ሲጠጋጋ አማካዩ ወደ 2 ዶላር ከ50 ይደርሳል፤ እነዚያው 60 ግዢዎች በወር 150 ዶላር ያህል ያስቀምጣሉ። አንዳንድ አገልግሎቶች ልዩነቱን በሁለት፣ በሦስት ወይም በአሥር የማባዛት ምርጫ ይሰጣሉ። ሳንቲም ከገበያ በወጣበትና ዋጋ ሁሉ በሙሉ ቁጥር በሚጠራበት ገንዘብ ደግሞ ወደ ቀጣዩ 10 ወይም 100 ካልተጠጋጋ በስተቀር ዘዴው ትርጉም የለውም።

መልስ፦ ከ«ወለድ ተከታታይ»

እኔ የማተኩረው በክፍያውና በዕዳው ላይ ነው፤ ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

በወር 30 ዶላር የሚያጠራቅም ሰው በወር 3 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ቢከፍል፣ ከቁጠባው አንድ አሥረኛውን ገና ከመነሻው ያጣል። ያጠራቀመው 12 ዶላር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ከወለድ ጋር ሲነጻጸር ይብሳል፤ በየወሩ መጨረሻ 30 ዶላር የሚገባበትና በዓመት 4 በመቶ የሚያስገኝ ሒሳብ በመጀመሪያው ዓመት የሚከፍለው ወለድ ከ7 ዶላር አይበልጥም፤ የመተግበሪያው የዓመት ክፍያ ግን 36 ዶላር ነው። አክሲዮን ከዚህ የተሻለ ሊያስገኝ ቢችልም፣ በዚህ መጠን ክፍያውን የሚያካክስ ትርፍ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም፤ አክሲዮን ሊወርድም ይችላል። ቋሚ ክፍያ የሚጎዳው ትንሽ ገንዘብ ያለውን ሰው ነው፤ ሽርፍራፊ የሚያጠራቅመውም ብዙ ጊዜ ይኸው ሰው መሆኑ ያሳዝነኛል። የባንክዎን ነፃ አገልግሎት ይምረጡ።

ዕዳውን በተመለከተ፣ ክሬዲት ካርድዎ በዓመት 20 በመቶ ወለድ የሚያስከፍልዎ ከሆነ፣ ያችኑ 30 ዶላር በየወሩ ከመደበኛው ክፍያ በላይ ወደ ዕዳው ቢያዞሯት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ30 ዶላር በላይ ወለድ ያስቀርልዎታል። በ4 በመቶ እየቆጠቡ በ20 በመቶ መክፈል ኪሳራ ነው። ለድንገተኛ ወጪ የምትሆን ጥቂት ገንዘብ ካስቀመጡ በኋላ፣ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ የተጠጋጋውን ልዩነት በየሳምንቱ ወደ ካርዱ ያስተላልፉ። ልማዱ አይቋረጥም፤ የሚለወጠው የገንዘቡ መድረሻ ብቻ ነው።

መልስ፦ ከ«የቤት በጀት»

ከላይ የተሰጡት ስሌቶች ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ከቁጥሩ በፊት መታየት ያለበት ነገር ያለ ይመስለኛል።

አሠራሩ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ባንክ ኦፍ አሜሪካ «ኪፕ ዘ ቼንጅ» የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር ነው። ባንኩ ደንበኞችን ለመሳብ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተጠጋጋውን ያህል ከራሱ ይጨምር ነበር። ሐሳቡ የመነጨው ሰዎች በቼክ መዝገባቸው ላይ ወጪያቸውን ሲጽፉ፣ ለመደመር እንዲቀልላቸው ቁጥሩን ወደ ላይ እያጠጋጉ መመዝገባቸውን ከማስተዋል ነው። ኤኮርንስ የተባለው መተግበሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ጀምሮ፣ የተጠራቀመው ልዩነት 5 ዶላር ሲሞላ ወደ ኢንቨስትመንት የሚያስገባበትን መንገድ አስለመደ።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። 3 ዶላር ከ40 ለመክፈል የወሰነ ሰው 4 ዶላር ሲወጣበት ኪሱ እንደተነካ አይሰማውም፤ ውሳኔው አንድ ጊዜ ብቻ ተወስኖ ከዚያ በኋላ በራሱ ስለሚቀጥል፣ በየዕለቱ ከራስ ጋር መሟገት ይቀራል። ችግሩ ቁጠባው ከወጪ ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። ብዙ የገዛ ሰው ብዙ ይቆጥባል፤ ወጪውን በብርታት የቀነሰበት ወር ቁጠባውም የሚያንስበት ወር ይሆናል። እጅግ ሊመሰገን በሚገባው ወር የቁጠባ ሒሳቡ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ያነሰ ቁጥር ያሳየዋል። ይባስ ብሎም በእያንዳንዱ ግዢ ላይ «ቆጥበዋል» የሚል መልእክት ስልክ ላይ ሲመጣ፣ መግዛትና መቆጠብ አንድ ነገር መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ መልእክቱን አጥፍተው ድምሩን በወር አንድ ጊዜ ብቻ ቢያዩ እመርጣለሁ።

ያለ ድካም መቆጠብን ከወጪ ሳይሆን ከገቢ ጋር ማሰር እንደሚቻል ያሳየ ሥራ አለ። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኞች ወደፊት ደመወዝ በተጨመረላቸው ቁጥር የቁጠባ ድርሻቸው አብሮ እንዲያድግ አስቀድመው እንዲስማሙ ተደረገ። በመጀመሪያው ድርጅት በዕቅዱ የገቡት ሠራተኞች የቁጠባ ድርሻ በ40 ወራት ውስጥ ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ ከፍ አለ። እጃቸው የገባው ደመወዝ ስላልቀነሰ የጎደለባቸው ነገር አልነበረም። ቴለር እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የእርስዎ ገቢ የሚዋዥቅ ስለሆነ ቋሚ መጠን ሳይሆን ቋሚ መቶኛ ይያዙ፤ ገንዘብ በገባበት ዕለት 5 በመቶው ወደ ቁጠባ ቢሄድ፣ ጥሩ ወር ሲመጣ መጠኑ ይጨምራል፤ ደካማው ወርም አያስጨንቅዎትም። ማጠጋጋቱ በዚህ ላይ ተጨማሪ ይሁን እንጂ ብቻውን ቁጠባዎን ይሸከማል ብለው አይጠብቁ።

ጠያቂው እንደገና፦ ከ«ጀማሪ ቆጣቢ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመቶኛው ሐሳብ ችግሬን በትክክል የሚነካ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የሚከፈልበትንም መተግበሪያ ትቼዋለሁ። ሁለት ነገሮች ግን ቀርተውኛል። ከወጪዬ ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ ስለምከፍል ያንን እንዴት ላጠጋጋ? የገዛሁትን ዕቃ ብመልስስ የተጠጋጋው ልዩነት አብሮ ይመለሳል?

መልስ፦ ከ«ደብተር ያዥ»

ለጥሬ ገንዘቡ የሚያስፈልግዎ ደብተር ብቻ ነው። ገጹን ለሁለት ይክፈሉትና በግራ የከፈሉትን፣ በቀኝ ወደ ቀጣዩ 5 ወይም 10 ለመድረስ የጎደለውን ይጻፉ፤ 7 ዶላር ከ20 ከከፈሉ በቀኝ በኩል 2 ከ80 ይሰፍራል። ሳምንቱ ሲያልቅ የቀኙን ዓምድ ደምረው በአንድ ጊዜ ወደ ቁጠባ ያስተላልፉ። ከካርዱ ይልቅ ሥራ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የግራው ዓምድ ወጪዎን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይዎ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። የሚያስተላልፉበትን ቀን ብቻ አይለዋውጡት፤ ሁለት ሳምንት ከተዘለለ ድምሩ ያድግና ማስተላለፉ መክበድ ይጀምራል።

በካርዱ በኩል በሒሳብዎ ያለው ገንዘብ ሲያንስ ማጠጋጋቱ በራሱ የሚቆምበትን ገደብ ማስገባት እንደሚችሉ ባንኩን ይጠይቁ። ይህ ካልተደረገ ሽርፍራፊው ተጠራቅሞ ለሌላ ክፍያ የተቀመጠውን ገንዘብ ሊያጎድልና ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ዕቃ ሲመልሱ ነጋዴው የሚመልሰው የከፈሉትን ዋጋ ብቻ ነው፤ ልዩነቱን እርሱ ስላልተቀበለው ከቁጠባ ሒሳብዎ ውስጥ አይነካም። ወደ ዋናው ሒሳብ እንዲመለስ ከፈለጉ ራስዎ ማዛወር ይኖርብዎታል። አስቀድሞ ገንዘብ ተይዞባቸው በኋላ መጠናቸው በሚለወጥ ክፍያዎች፣ ለምሳሌ በሆቴልና በነዳጅ ላይ፣ ልዩነቱ የሚሰላው በተያዘው መጠን ይሁን በመጨረሻው ሒሳብ ከባንክ ባንክ ሊለያይ ስለሚችል፣ የአገልግሎቱን ውል ከመፈረምዎ በፊት ይህንን ነጥብ ለይተው ያንብቡት።