አባቴ ሳጥን ውስጥ የተገኘችው ኤም ጂ የትኛዋ ናት? የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የምታውቁ ኑ

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)፦

ሰላም ቤተሰብ። የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነገር የሚገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ተባበሩኝ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በንጉሡ ጊዜ ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከሱ የቀረ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። እናቴ እስከ ዛሬ ማንንም አታስነካም ነበር። ዘንድሮ ግን "በል አንተ ጠብቀው" ብላ ሰጠችኝ። ስከፍተው ስምንት ማዕዘን የሆነ የኤም ጂ አርማ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ከባድ ዳዶ፣ ጫፉ መዳብ የሆነ መዶሻ፣ ግሪስ የጠጣ ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መመሪያ መጽሐፍ፣ ከሥር ደግሞ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አገኘሁ።

ፎቶው ጀርባ ላይ በአባቴ ጽሑፍ "ሶደሬ" ይላል። ዓመት የለውም። መኪናዋ ጣሪያዋ የተከፈተ፣ ባለ ሁለት ወንበር ናት። ፓራፋንጎዋ ከፊት ተነስቶ በሩ ጋ ዝቅ ይልና ከኋላ ጎማው ላይ እንደገና ከፍ ይላል፣ እንዴት እንደምታምር ልነግራችሁ አልችልም። ቸርኬዋ ባለ ሽቦ ነው። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፣ ይሄ ግራ አጋብቶኛል። በሯ ላይ እጀታ የሚባል ነገር የለም። ባለቤቷ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሚሠራ ሆላንዳዊ እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። ቀለሟ ላይ ግን ቤት ውስጥ መስማማት አልተቻለም። እናቴ ቀይ ነበረች ትላለች፣ አጎቴ አረንጓዴ ነበረች ብሎ ይምላል።

እና የትኛዋ ኤም ጂ ናት? መቼ የተሠራች? መዶሻው ከመኪና ጋር ምን አገናኘው? እናንተም ጋ የዚያ ዘመን ዕቃም ሆነ ትዝታ ካለ እዚሁ አምጡት፣ ብቻዬን አላወራም።

ባለ ሽቦ ቸርኬ (አዳማ)፦

ወንድሜ፣ ይሄ ሳጥን ሀብት ነው!

በጻፍከው ብቻ ስሄድ ኤም ጂ ኤ ናት። በሩ ላይ የውጭ እጀታ የለም ካልክ ምርጫው ይጠባል። ክፍቷ ኤም ጂ ኤ የውጭ እጀታ አልነበራትም። እጅህን ወደ ውስጥ ሰደህ ገመዷን ስትስብ ነው በሩ የሚከፈተው። የሚወርድና የሚወጣ መስታወትም የላትም፣ ዝናብ ሲመጣ በሩ ላይ የሚሰካ መከለያ ነው ያላት። የመጀመሪያዎቹ ኤም ጂ ሚጅቶችም እጀታ አልነበራቸውም፣ ግን ሚጅት በጣም ትንሽ ናት፣ ጎኗም ቀጥ ያለ ነው። ያልከው ዝቅ ከፍ የሚል ፓራፋንጎ የኤም ጂ ኤ ነው። ከሷ በፊት የነበሩት ቲ ዲና ቲ ኤፍ ደግሞ መርገጫ ያላቸው፣ ፓራፋንጎአቸው ከአካላቸው የተለየ ስለሆነ በአንድ እይታ ይለያሉ።

ኤም ጂ ኤ ከ1955 እስከ 1962 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አቢንግደን በሚባል ከተማ ተሠራች። በአጠቃላይ ከ100 ሺህ በላይ ተሠርታለች፣ እንግሊዝ ውስጥ የቀረችው ግን 6 ሺህ እንኳ አትሞላም። ሌላው ሁሉ ባህር ተሻግሯል። አብዛኛው አሜሪካ ነው የገባው፣ የተረፈው ደግሞ በየአገሩ ተበተነ። ለዚህ ነው አንዷ ወንጂ መገኘቷ ብዙም የማይገርመኝ፣ ደስ የሚለኝ ግን እጅግ ነው።

መሪው በቀኝ መሆኑ አያስጨንቅህ። እኛ አገር እስከ 1956 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በመንገዱ ግራ በኩል ነበር የሚነዳው። ከዚያ በፊት ለገባች የእንግሊዝ መኪና መሪዋ በቀኝ መሆኑ ትክክለኛ ቦታው ነው።

መዶሻውና ዳዶው ደግሞ አንድ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ባለ ሽቦው ቸርኬ እንደ ሌላው በአራትና በአምስት ዳዶ አይታሰርም። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ባለ ጆሮ ዳዶ ብቻ ነው ያለው፣ ጆሮውን በመዶሻ እየመታህ ታጠብቃለህ፣ እየመታህ ትፈታለህ። መዳብ የሆነው ብረት ብረትን እንዳይጎዳ ነው። ዳዶህን ጠጋ ብለህ እየው፣ የትኛው ጎን እንደሆነና ወደየት እንደሚፈታ በቀስት ተጽፎበት ይሆናል። የግራና የቀኙ ጥርስ ይለያያል፣ መኪናዋ ወደፊት ስትሄድ ዳዶው ራሱን እያጠበቀ እንዲሄድ ተብሎ ነው።

አሁን ፎቶውን በደንብ ስካን አድርግልኝ። ከኮፈኑ ጎንና ጎን ከመስታወቱ በታች የአየር ማስወጫ አለ፣ እዚያ አጠገብ ቁጥር ተለጥፎ ካየህ ንገረኝ። የፊቷን ፍርግርግ ሽቦም እይ፣ ወደ ውስጥ የገባ ነው ወይስ ከጠርዙ ጋር እኩል?

የድሮ መካኒክ (አዳማ)፦

ልጄ፣ አባትህን ሳላውቀው አልቀርም። ስሙን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

እኔ ጋራዥ የገባሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ ዳዶና ቡሎን በናፍጣ እያጠብኩ። ያቺን መኪና ወይም እህቷን አውቃታለሁ። ከወንጂ ስትመጣ ሳናያት በማርሚታዋ ድምፅ እንለያታለን። ወፍራም ድምፅ ነው፣ ጋዝ ሲለቀቅ ደግሞ ጠቅ ጠቅ ይላል። ልጆቹ ሥራ ጥለው ይወጣሉ፣ ዋናው መካኒክም አይቆጣም፣ እሱም ይወጣ ነበርና።

እኛን መጀመሪያ ያስቸገረን ባትሪዋ ነው። ሌላው መኪና ኔጌቲቩ ነው ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው፣ የሷ ግን ፖዘቲቩ ነው። ባትሪውም አንድ አይደለም። ባለ 6 ቮልት ሁለት ባትሪ ከወንበሩ ጀርባ ተቀብሮ፣ ተቀጣጥሎ 12 ይሆናል። ይሄን ሳያውቅ ገልብጦ ያሰረ አልጠፋም። ሬዲዮ ያላት ከሆነች ሬዲዮው ደህና ሁን ማለት ነው።

ቁልፉን ስታዞር ከኋላ ቲክ ቲክ ቲክ ይላል። የቤንዚን ፖምፓዋ በመብራት ስለሆነ ነው። ካርቡራተሩ እስኪሞላ ይፈጥናል፣ ሲሞላ ይረጋጋል። ዝም ካለ መኪናዋ አትነሳም፣ ያኔ በመዶሻ እጀታ ቀስ ተደርጎ መታ መታ ይደረጋል፣ ይነሳል። ለቅርብ መንገድ ብቻ ነው ታዲያ፣ የፖምፓዋን ነጥብ (ኮንታክቱን) አውጥተህ ካላጸዳኸው ነገ ሶደሬ መንገድ ላይ ያስቀርሃል።

ካርቡራተሯ ኤስ ዩ የሚባለው ነው፣ ሁለት። እኔ በዕድሜዬ ከነካኋቸው ካርቡራተሮች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። እንደ ሌላው ብዙ ጅግለር (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) የለውም። አንድ መርፌ ከፒስተኑ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ትላለች፣ ሞተሩ በሳበው አየር ልክ ቤንዚኑን ራሷ ትመጥናለች። ከላይ ያለችውን ቡሽ ፈተህ ትንሽ ቀጭን ዘይት ታንጠባጥብበታለህ። ዘይቱ ካለቀ ጋዝ ስትረግጥ ትደነቃቀፋለች፣ የማያውቅ ሰው ካንዴላ ሲቀይር ይውላል። ሁለቱን እኩል ማድረግ ነው ጥበቡ። እኛ ጎማ ቱቦ በጆሯችን ይዘን የአየሩን ፉጨት እያዳመጥን ነበር የምናስተካክለው። አባትህ በዚህ የተመሰገነ ነበር፣ እሱ ከሆነ።

የናዝሬት ሙቀት ግን አይስማማትም ነበር። ካርቡራተሩና የጭሱ መውጫ በሞተሩ አንድ ጎን ናቸው። ቀትር ላይ አቁመሃት ቡና ጠጥተህ ስትመለስ ቤንዚኑ ተኖ ይጠብቅሃል። ኮፈኑን ከፍቶ ማስተንፈስ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

የሐይቅ ዳሩ (ሐዋሳ)፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ይሄን የሚጽፍልን ሰው አጥተን ነበር።

እኔ ከሐዋሳ ነኝ፣ ትልቋ መኪና የለችኝም፣ ትንሿ ግን አለችኝ። አጎቴ እንግሊዝ ተምሮ ሲመለስ ለአባቴ ያመጣለት የኮርጊ መጫወቻ ኤም ጂ ኤ! ቀይ ናት። ኮርጊ በፈረንጆቹ 1956 ነው ስዋንሲ፣ ዌልስ ውስጥ ሥራ የጀመረው፣ ኤም ጂ ኤዋን በ1957 አወጣት። ከዚያ በፊት ኦስቲን ሂሊና ትራያምፍ ቲ አር 2 ነበሩት። መስኮቷ ላስቲክ ስለሆነ በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፣ ጎማዋ ተሰነጣጥቋል፣ ቀለሟም ጫፍ ጫፉ ላይ ለቋል። አባቴ ታቦር ተራራ ሥር አፈር ላይ ሲያስሮጣት ነው ያደገው። ብዙ ሰው ቀለም ቀባት ይለኛል። አልቀባም። የለቀቀው ቀለም የአባቴ እጅ ነው።

የፍራንኮ ልጅ፣ አንተም አርማውን በብራሶ (በብረት ማወልወያው) እንዳትነካው አደራ። ኢናሜሉ ይጫጫራል፣ ሥሩ ያለው ብረትም ጊዜ የሰጠው ቀለሙን ያጣል። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ። መጽሐፉን ደግሞ ፀሐይ ላይ አታስጣ። ግሪሱንም ለማጽዳት አትታገል። ከብረቱ ለይተህ ወረቀት ውስጥ ጠቅልለህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ፣ ምስጥ የማይደርስበት። እናትህ የሚያስታውሱትን ሁሉ ዛሬውኑ በስልክህ ቅዳ። የሆላንዳዊው ስም፣ የት ይኖር እንደነበር፣ መኪናዋ በመጨረሻ ወዴት እንደሄደች። አርማው ያለዚህ ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጠው ሌላ አርማ አይለይም።

ትዝታ ካላችሁ ደግሞ እኔ ትራያምፍ ስፒትፋየር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፣ ያው የአጎቴ ጓደኛ መኪና ናት፣ ሻሸመኔ ደርሰን ተመለስን። ኮፈኗ ከፓራፋንጎዋ ጋር ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ይገለበጣል። ሰውየው ጎማው ላይ ተቀምጦ ሞተሩን ሲሠራ አይቼ መኪና ሁሉ እንዲህ ለምን አልተሠራም ብዬ ነበር። የሳላት ሚኬሎቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1962 እስከ 1980 ተሠራች።

ጃጓር ወዳጅ (አዳማ)፦

ሁላችሁም ስለ ኤም ጂ ታወራላችሁ፣ እኔ ግን የጃጓርን ኢ ታይፕ ሳላነሳ አላልፍም። በፈረንጆቹ 1961፣ የጄኔቫ የመኪና ኤግዚቢሽን። ማልኮም ሴየር የሳላት፣ ሰውየው ከአውሮፕላን ሥራ የመጣ ነው፣ ቅርጹን በሒሳብ ነው ያወጣው። ኤግዚቢሽኑ ላይ የሚሞክር ሰው በዛና ሁለተኛ መኪና በአስቸኳይ ተፈለገ። ኖርማን ዱዊስ የፋብሪካው ሞካሪ ሾፌር ከኮቨንትሪ ተነስቶ ሌሊቱን ነድቶ ጄኔቫ አደረሳት። እኔ ጋ ያለው የዚያን ጊዜ መጽሔት አንድ ገጽ ነው፣ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

የፍራንኮ ልጅ፣ አርማውን ለመሸጥ ካሰብክ ግን መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ፣ ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ።

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)፦

ወንድሜ አክብረኸኛል፣ አርማው ግን አይሸጥም።

ጋሼ፣ የአባቴን ስም ልኬልዎታለሁ። የጎማ ቱቦውን ነገር ለእናቴ ሳነብላት "አዎ፣ እሱ ነው፣ ቤትም ቱቦ ይዞ ይመጣ ነበር" አለች። ሌላ መናገር አልቻለችም።

ፎቶውን ስካን አደረግኩት። ባለ ሽቦ ቸርኬ፣ ያልከው ቦታ ላይ ቁጥሩ አለ! 1600 ይላል። የፊቷ ሽቦ ወደ ውስጥ አልገባም፣ ከጠርዙ ጋር እኩል ነው። ዳዶው ላይም ቀስት አለ፣ የቀኝ ጎን ነው። ሌላ ደግሞ መመሪያ መጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ አባቴ በእርሳስ የጻፈው ረጅም ቁጥር አገኘሁ፣ በጂ ኤች ኤን ይጀምራል።

ባለ ሽቦ ቸርኬ (አዳማ)፦

ተገኘች! ያ ቁጥር የሻንሲ ቁጥር ነው። በጂ ኤች ኤን የሚጀምረው ክፍቷ ኤም ጂ ኤ 1600 ናት። መሪዋ በግራ ቢሆን ኖሮ ኤል የምትባል ፊደል ትጨመርበት ነበር፣ የአንተ የላትም፣ ከፎቶው ጋር ገጠመ። የፊቷ ሽቦ ወደ ውስጥ ስላልገባ ሁለተኛዋ ማርክ (ኋላ ተሻሽላ የወጣችው 1600) አይደለችም። ስለዚህ በፈረንጆቹ ከ1959 እስከ 1961 ባለው ጊዜ የተሠራች ናት። ሞተሯ 1588 ሲሲ፣ የፊት ፍሬኗ ዲስክ ነው። ከዚያ በፊት የነበረችው 1500 ዲስክ አልነበራትም።

አሁን የቀለሙን ነገር እንነጋገር። 1600 ከፋብሪካ ስትወጣ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ግራጫና ወደ ቢጫ የሚያደላ ክሬም ነበራት። አረንጓዴ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለአጎትህ ክብር ስል ግን ልጨምር፣ እዚህ ከመጣች በኋላ ቀለም ተቀይሮላት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

እርግጡን ማወቅ ትችላለህ። እንግሊዝ ውስጥ ጌይደን የሚባል ቦታ የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም አለ። የአቢንግደን ፋብሪካ መዝገቦች እነሱ ጋ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩን ልከህ ስትከፍል ሰርተፍኬት ይሠሩልሃል። የተሠራችበት ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟ፣ ወደየት አገር እንደተላከች ይወጣል። አባትህ ቁጥሩን ባይጽፈው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይገኝም ነበር።

የድሮ መካኒክ (አዳማ)፦

ልጄ፣ ስሙን አየሁት። እሱ ነው። አንድ ጋራዥ ሠርተናል፣ ካርቡራተር ያስተማረኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ፣ እናትህንም ይዘሃት ና። መኪናዋ ወዴት እንደሄደችም የማውቀው ነገር አለ፣ እሱን ግን ስትመጣ ነው የማወራህ።

አረንጓዴ የተቀባችው እኛ ጋራዥ ነው። ባትላሜራው የፊቷን ፓራፋንጎ ከጠገነ በኋላ ቀዩ ቀለም አልገኝ ብሎ ነው።

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)፦

ጋሼ! ቅዳሜ እንመጣለን፣ ከእናቴ ጋር። አጎቴንም ካልያዝኩት አይለቀኝም።

የሰርተፍኬቱን ክፍያ ከዚህ በካርድ መላክ እንዴት ነው የሚቻለው? የሞከረ ሰው አለ?

የሐይቅ ዳሩ (ሐዋሳ)፦

እኔ መጽሐፍ ሳስመጣ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የከፈለልኝ፣ እሱ ይቀላል። ሰርተፍኬቱን ግን በአንተ ስም አሠራው፣ ቁጥሩንም ሁለት ጊዜ አስነብበህ ላክ፣ የእርሳስ ጽሑፍ ላይ 1ና 7 ይመሳሰላሉ።

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)፦

ልክ ነህ፣ አንዷ ቁጥር ላይ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። በአጉሊ መነጽር አይቼ እልካለሁ። የአክስቴ ልጅ ሎንዶን አለች፣ ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።