ትሮሉ ሞቷል ወይስ አልሞተም? ገላግሉን

ሰላም ለሁላችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ እያንዳንዱ የራሱን ገጸ ባሕሪ ይዞ በዳይስ የሚጫወተውን ጨዋታ የምንጫወት አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራውና ጭራቆቹን የሚያንቀሳቅሰው) እኔ ነኝ። ቅዳሜ ማታ አንድ ትሮል (ቢቆስልም መልሶ የሚያገግም ጭራቅ) አጣልቶን እስካሁን እንደተኮራረፍን ነን።

እኔ የያዝኩት የ2014ቱን የጨዋታውን ደንብ መጽሐፍ ነው (የፈረንጆቹን 2014፣ የኛን እንዳይመስላችሁ)። እዚያ ላይ ትሮሉ 84 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ተራው በደረሰ ቁጥር 10 ይመለስለታል። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «አዲሱ ላይ 94 ነው፤ የሚመለስለትም 15 ነው» አለ። እሱስ ቁጥር ነው፣ በአሮጌው እንቀጥል ብለን ተስማማን።

ያጣላን ሌላ ነው። አስማተኛዋ ፋየር ቦልት የሚባለውን የእሳት አስማት ወርውራ 7 ነጥብ ቀነሰችለት፣ ትሮሉ 5 ቀረው። ተራው ሳይደርስ ተዋጊው በሰይፍ ዜሮ አደረገው። እኔ ሆዬ «የጣለው ሰይፍ እንጂ እሳት አይደለም» ብዬ 10 ነጥብ መልሼ አስነሳሁት። እንደተነሳ ተዋጊውን በጥፍሩ ዘረረው። አስማተኛዋን የምትጫወተው ልጅ ዳይሷን ለቃቅማ ወጣች! እሳት ከነካው በሚቀጥለው ተራው አያገግምም፣ ስለዚህ እዚያው ሞቷል ባይ ናት።

ቤት ገብቼ ደንቡን ሳነበው፣ ምን ልዋሻችሁ፣ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። የመጨረሻው ምት እሳት መሆን አለበት የሚል ነገር የለም። ወይስ የዘለልኩት አለ?

ሁለተኛ፣ ተዋጊው ወድቋል፤ የሚጫወተውም ልጅ አዲስ ገጸ ባሕሪ መሥራት ጀምሯል። እናንተ ብትሆኑ ውጊያውን ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ ወይስ ይቅርታ ጠይቃችሁ ትቀጥላላችሁ? ቅዳሜ ሳይደርስ መልሱልኝ።