ከእስር የወጡ ሰዎችን መረጃ ከማን፣ ለማን እንጠይቅ? (የዕቅድ ውይይት፣ ደሴ)

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ባለፈው ስብሰባ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። ማኅበራችን ከማረሚያ ቤት የወጡ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ይረዳል። ግን ማን ወጣ፣ መቼ ወጣ የሚለውን እስከ ዛሬ የምንሰማው በወሬ ነው። እናት ልጇን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ ትንከራተታለች። ልጁ ግን ወጥቶ ኮምቦልቻ ሥራ ይዟል፤ ወይ ደግሞ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛውሯል።

እኔ ያሰብኩት ቀላል ነው። ማረሚያ ቤቱ በየወሩ የተፈቱትን ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ፣ ለእኛም ኮፒ እንዲሰጠን በደብዳቤ እንጠይቅ። በዚህ ላይ ሐሳብ ስጡ። ረቂቁን እኔ እጽፋለሁ።

አባል፣ ሰኞ ገበያ

እደግፋለሁ። ይለጠፍና ይገላገል። የፈተና ውጤት ይለጠፍ የለ እንዴ?

አባል፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ይሄ ከፈተና ውጤት ጋር አይገናኝም። ታስሬ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ፍርድ ቤት ነጻ ብሎኛል። ሥራ ስፈልግ የፍርዱን ግልባጭ ይዤ ነበር የምዞረው። አንዱ ቀጣሪ ወረቀቱን ገልጦም አላየው። «ታስረህ ነበር ወይስ አልነበረም?» አለኝ። ነበር አልኩት። እንደውልልሃለን አለኝ፤ አሁንም እየደወለ ነው።

ስም ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሰው የሚያነበው ስሙን ነው። ከጎኑ «ነጻ ተብሎ» የሚል ቢጻፍ ማን ልብ ይለዋል? ሰፈሩ የሚያስታውሰው ስሙ የት እንደተለጠፈ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ደብዳቤ ላይ አልፈርምም።

ጸሐፊ

አብሽር፣ ገና ምንም አልተጻፈም። ለዚህ ነው የተሰበሰብነው። እህት ጠበቃችን፣ ከሕጉ በኩል ምን ትያለሽ?

ጠበቃዋ

ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሰው ከእስር የሚወጣበት መንገድ ብዙ ነው። ወረቀቱም፣ ወረቀቱ ያለበት ቢሮም እንደየመንገዱ ይለያያል። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ከዚያው በዋስ የወጣን ሰው ማረሚያ ቤት ጭራሽ አያውቀውም፤ ዱካው ያለው ፍርድ ቤት፣ የጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ የሚሰጥ ቀጠሮ) መዝገቡ ላይ ነው። ክሱ የተነሳለት ሰው ወረቀቱ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ጋ ነው። ነጻ የተባለው የፍርድ ግልባጭ ይኖረዋል። ቅጣቱን የጨረሰውን ማረሚያ ቤቱ በመፈቻ ወረቀት ይሸኘዋል። በአመክሮ የሚወጣው ደግሞ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ፣ ጠባዩም ታይቶ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ይጠብቃል። በአመክሮ የወጣ ሰው ቤቱ ገባ እንጂ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ በአመክሮው ጊዜ ሌላ ጥፋት ካጠፋ ሊመለስ ይችላል።

ይቅርታና ምሕረትም አንድ አይደሉም። በይቅርታ የወጣ ሰው ቅጣቱ ይቀርለታል፤ ፍርዱ ግን መዝገብ ላይ ይቆያል። ምሕረት ያገኘ ሰው ፍርዱ ራሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 229 እና 230 ላይ አለ። በ2010ሩ ምሕረት የወጡ ሰዎች ከተማችን ውስጥም ይኖራሉ። እነሱን ከሌላው ጋር አንድ ዝርዝር ላይ መደርደር ሕጉ የፋቀውን እኛ መልሰን መጻፍ ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልብ በሉልኝ። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከዚያ ባነሰ ቅጣት ደግሞ 2 ዓመት ቆይቶ «መሰየም» የሚባለውን፣ ማለትም መልካም ስሙ እንዲመለስለት፣ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ የድሮ ፍርዱን በክፋት እያነሳ የሚሰድበው ሰው ራሱ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። እንግዲህ ሰሌዳውን አንዱ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ቢለቀው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ማን ይሰርዘዋል?

አባል፣ ሰኞ ገበያ

ይሄን ሁሉ አላሰብኩትም ነበር። ቆይ፣ ታዲያ እናትየዋ በምን ትወቅ?

የእድር ዳኛ፣ ሆጤ

ልጆቼ፣ እኔ ሕግ አላውቅም። የእድር መዝገብ ግን ብዙ ዘመን ይዣለሁ። ከዚያ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ወሎ ውስጥ ሰይድ መሐመድ ስንት ነው? እኛ እድር ብቻ የአባት ስማቸው ጭምር አንድ የሆነ ሰዎች አሉን። በአያት ስም ነው የምንለያቸው፤ አንዳንዴ አያትም አንድ ይሆንና በሰፈር እንለያለን። አንዱ ጸሐፊ መሐመድ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሙሐመድ፣ ሌላው ሞሐመድ። ኃይሉን አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሀ» ይጽፈዋል። ዝርዝር ቢለጠፍ አንድ ሰይድ ይፈታል፣ ሌሎቹ ሰይዶች ይታማሉ። ልጅ ለማጋባት የተነሳ ሽማግሌም ሰሌዳውን አይቶ ይቀራል። ይሄን አትቀልዱበት፣ ይደርሳል።

ስለዚህ መረጃ ስትጠይቁ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ዘመን፣ ቀበሌ ይኑር። አሁን ፋይዳ ያለው ሰው ቁጥሩ ይረዳል።

ጠበቃዋ

ጋሼ ልክ ብለዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካለ መዝገብ ቤት ሄዶ ማግኘት ይቻላል። ቁጥር ከሌለ በስም ፍለጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ጋሼ እንዳሉት ነው። ቤተሰብ ሰው ሲታሰር መጀመሪያ መያዝ ያለበት የመዝገብ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን ነው። ቁርስ ከመውሰዳቸው በፊት ይሄን ይጻፉ።

አባል፣ አሜሪካ

እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ። የፌዴራል እስር ቤቶች ቢሮ ሰው መፈለጊያ ድረ ገጽ አለው። ስም ወይም የእስረኛ ቁጥር ስታስገቡ ከ1982 ወዲህ (በፈረንጅ) የታሰረ ሰው ከሆነ ተፈትቷል አልተፈታም፣ መቼ ወጣ ይላል። ከዚያ በፊት ታስሮ የወጣ ከሆነ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይመሩሃል። ይሄ ግን የፌዴራሉ ብቻ ነው። ክፍለ ግዛቶቹ የየራሳቸው አላቸው። ፍርድ ሳያገኝ ወይም ለአጭር ጊዜ የታሰረ ሰው ደግሞ በካውንቲ ሸሪፍ (በወረዳው የፖሊስ ኃላፊ) እጅ ነው፤ እዚያ መደወል ነው።

በኔ አስተያየት ከዚህ የምንወስደውም የማንወስደውም አለ። ሚቺጋን ላይ ሰውየው ከቁጥጥር ነጻ ከሆነ 3 ዓመት ካለፈው ከመፈለጊያው ይወጣል። ይሄ ጥሩ ነው። የማንወስደውን ልንገራችሁ፦ የግል ድርጅቶች የእስረኛ ፎቶ ከመንግሥት ገጽ ላይ እየለቀሙ ያወጣሉ። ላጥፋልህ ብለው ገንዘብ ሲጠይቁም ኖረዋል። ነጻ የተባለውም ሰው ፎቶው እዚያው ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻው ወንድሜ የፈራው ነገር የምር ነው።

አባል፣ ቧንቧ ውሃ

እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። ሁላችሁም ስለወጣው ሰው ነው የምታወሩት። እህቴን የደበደበ ባሏ በአመክሮ ሲወጣ እኛ የሰማነው ገበያ ላይ ነው፣ ያውም ሽንኩርት ከምትሸጥ ሴት። በዚያው ማታ እህቴን ከነልጆቿ ወደ ኩታበር ወሰድናት። ስሙ ለከተማው ይለጠፍ አልልም። ለእሷ ግን ሊነገራት አይገባም ነበር? ከሰው ሁሉ በፊት!

አባል፣ አሜሪካ

እህቴ፣ ለዚህ እዚህ መላ አላቸው። ኬንታኪ ውስጥ አንዲት ሴት ያሳሰረችው ሰው ከእስር ወጥቶ ገደላት። መውጣቱን የነገራት አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ1994 (በፈረንጅ) ለተጎጂዎች በስልክ የሚያሳውቅ አሠራር ተጀመረ፤ አሁን በብዙ ግዛቶች አለ። ተጎጂው ይመዘገባል፣ ሰውየው ሲወጣ ይደወልለታል። ዋናው ነገር ለአንድ ሰው ብቻ መነገሩ ነው።

ጸሐፊ

ደዋይ ማሽን ባይኖረን ስልክ የሚደውል ሰው አይጠፋም። ይሄ ይገባል። የቀረው ሕጋዊ መሠረቱ ነው። ሄደን «ስጡን» ስንል «በምን?» ይሉናል።

ጠበቃዋ

መሠረቱ አለ። የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ 590/2000 የመረጃ ክፍሉ አሁንም የሚሠራ ሕግ ነው። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት ተቋም መረጃ መጠየቅ ይችላል። መጻፍ የማይችል በቃል ይጠይቃል፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይጽፍለታል። መልስ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ከከለከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ። አቤቱታው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ይሄዳል። ያው አዋጅ ግን የሌላ ሰው የግል መረጃ ያለአግባብ እንዳይወጣ ይከለክላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ም መጥቷል። ስለዚህ «የሁሉንም ስም ስጡን» ብንል ይከለክሉናል፤ መከልከላቸውም ትክክል ነው።

ቁጥር ግን የማንም ስም አይደለም። በወሩ ስንት ሰው ወጣ፣ ስንቱ በአመክሮ፣ ስንቱ በይቅርታ፣ ስንቱ ሴት፣ ስንቱ ወጣት? ይሄ የሕዝብ መረጃ ነው። ማኅበራችን ስንት ፍራሽ፣ ስንት የትራንስፖርት ብር እንደሚያዘጋጅ የሚያውቀው ከዚህ ነው።

አሁንም እስር ላይ ያለን ሰው በተመለከተ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። የት እንዳለ ሳይነገር መጎብኘት ስለማይቻል «የት ነው?» የሚለው የቤተሰብ ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። ፍቱት ተብሎ ያልተፈታ ሰው ካለ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ እሱን ለኛ ለጠበቆች ተዉት፣ ለፍርድ ቤት ነው።

ወጣት አባል፣ ፒያሳ

እኔ የቴሌግራም ቦት ልሠራ እችላለሁ። ስም ሲጽፉለት ይመልሳል። የወጡትን ሰዎች ኤክሴል ላይ እንይዛለን።

ጸሐፊ

የኔ ወንድም፣ ጉጉትህን ወደድኩት። ግን ያ ኤክሴል ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ ስልክ ሲሄድ አንተም አታስቆመውም። ቦቱ ሌላ ይሥራልን፦ የትኛው ወረቀት ከየትኛው ቢሮ እንደሚወጣ፣ ምን ይዘው እንደሚሄዱ ይንገር። የሰው ስም አይግባበት።

ወጣት አባል፣ ፒያሳ

እሺ። ያም ይሠራል።

የእድር ዳኛ፣ ሆጤ

አንድ ነገር ረስታችኋል። በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ወረቀት መንገድ ላይ ተበትኖ ነበር። ፋይሉ የጠፋ ሰው «መፈታትህን አረጋግጥ» ሲባል ምን ያድርግ?

ጠበቃዋ

አንዱ ቢሮ ቢጠፋ ሌላው ጋ ይገኛል። ፍርድ ቤት ከጠፋ ዐቃቤ ሕግ፣ ዐቃቤ ሕግ ከጠፋ ማረሚያ ቤት፣ ይግባኝ ካለ የበላይ ፍርድ ቤት። የቀድሞ ጠበቃም ኮፒ ይይዛል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ፤ ማመልከቻውን እዚያ እንዲያግዟቸው እንጠይቅ። በጦርነቱ ጊዜ ከዘመድ የተጠፋፋ ቤተሰብ ደግሞ ቀይ መስቀል ያፈላልጋል። እነዚህን መንገዶች ቦቱ ላይ አስገቡ።

ጸሐፊ

እንግዲህ ረቂቁን በአዲስ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያውን ጥሉት።

«ማኅበራችን የሚከተለውን ይጠይቃል። ማረሚያ ቤቱ በየወሩ የተፈቱ ሰዎችን ቁጥር በአወጣጣቸው ዓይነት ለይቶ፣ ያለ ስም፣ እንዲያሳውቅ። ታስሮ የወጣ ሰው ራሱ ወይም በጽሑፍ የወከለው ሰው ሲጠይቅ የመፈቻ ማስረጃው ያለ ውጣ ውረድ እንዲሰጠው፤ ማስረጃውም በምን ሁኔታ እንደወጣ በግልጽ እንዲናገር። የቅርብ ቤተሰብ ሲጠይቅ ሰውዬው አለ፣ ተዛውሯል ወይም ወጥቷል የሚል መልስ እንዲያገኝ። የወንጀል ተጎጂ አስቀድሞ ስልኩን ካስመዘገበ ግለሰቡ ከመውጣቱ በፊት እንዲነገረው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ጉዳያቸው የታየ ልጆች በዚህ ጥያቄ ውስጥ አይካተቱም። ማኅበሩ የስም ዝርዝር አይጠይቅም፣ ቢሰጠውም አይቀበልም።»

አባል፣ ቧንቧ ውሃ

«ከመውጣቱ በፊት» የሚለው እንዳይቀየር። በኋላ ቢነግሩን ዋጋ የለውም።

አባል፣ ኮምቦልቻ

የመጨረሻዋን መስመር ወደ ላይ አውጧት። መጀመሪያ ትነበብ። ያኔ እፈርማለሁ። የኮምቦልቻዎቹንም ፊርማ እኔ እሰበስባለሁ።

አባል፣ ሰኞ ገበያ

እኔም በዚህኛው እስማማለሁ። ለማን ነው የሚገባው ግን? ለደሴው ማረሚያ ቤት ብቻ ከሆነ «ከበላይ አካል ፈቃድ አምጡ» ይሉናል።

ጠበቃዋ

ዋናው ለደሴ ማረሚያ ቤት፣ ግልባጭ ለክልሉ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንና ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት። ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ኮፒያችሁ ላይ አስመቱ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ሌላ ነገር፦ ጸሐፊ በላክልኝ የአባላት መጠየቂያ ፎርም ላይ «የተከሰሰበት ወንጀል» የሚል መስመር አለ። ለምን? ፍራሽ ለመስጠት አያስፈልገንም።

ጸሐፊ

ወጥቷል። የመጨረሻዋም መስመር መጀመሪያ ላይ ገብታለች። ደብዳቤው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቤት ይታተማል፤ የምትፈርሙ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ።